የአካባቢን ታሪካዊ ሕንጻ እንዴት ለይቶ ከመፍረስ መጠበቅ ይቻላል

የአገር አቀፍ የቅርስ መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ለመላው አገር ትርጉም ያላቸውን ሕንጻዎች ነው። የሰፈሩ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት፣ የቀድሞው ፖስታ ቤት፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የባቡር ሠራተኞች መደዳ ቤቶች ብዙ ጊዜ እዚያ አይገቡም። ዋጋቸውን የሚያውቀው በዙሪያቸው የሚኖረው ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን አፍራሽ ማሽን ደጃፍ እስኪቆም ድረስ በወረቀት አያሰፍረውም። የኒው ዮርኩ ፔን የባቡር ጣቢያ መፍረስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን ከተማዋ የታሪካዊ ሕንጻዎች ጥበቃ ሕጓን ያወጣችው በ1965 ነበር። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሕንጻ አትርፏል፤ ጣቢያውን ግን ሊመልሰው አልቻለም።

ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ማንም ማፍረስን ሳያስብ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ጥበቃው የሚደርሰው በጽሑፍ እስከሰፈረው ድረስ ብቻ መሆኑን ያዙ። «ያማረ አሮጌ ቤት» ተብሎ ብቻ የተመዘገበ ሕንጻ በሩ፣ መስኮቱና ደረጃው ተነቅሎ በአዲስ ቢተካ፣ መዝገቡን ይዞ የሚከራከር ሰው የሚጠቅሰው ቃል አያገኝም።

1. ክልሉንና ቡድኑን መወሰን

ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ከመካከላቸው አንዱ ግንበኛ ወይም አናጺ ይሁን፤ ግድግዳ አይቶ የትኛው በፊት፣ የትኛው በኋላ እንደተሠራ የሚለየው እሱ ነው። የይዞታ ሰነድ ማንበብ የሚችል፣ ፎቶ በሥርዓት የሚያነሳ፣ የአካባቢውን የቆየ ታሪክ የሚያውቅ ሰውም ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ በእግር በአንድ ወይም በሁለት ቀን የሚዳረስ ቦታ ብቻ ምረጡ። ከተማውን በሙሉ በአንድ ጊዜ እንመዝግብ ያለ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ይበተናል፤ ያልተጠናቀቀ ዝርዝር ደግሞ «ያልተመዘገበው ሁሉ ይፍረስ» የሚል ክርክር ይከፍታል።

2. ዞሮ መመዝገብ

ለእያንዳንዱ ሕንጻ አንድ ቅጽ፣ ለእያንዳንዱም የማይለወጥ መለያ ቁጥር ስጡ። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ይቀየራል፤ የእናንተ ቁጥር መቀየር የለበትም። በቅጹ ላይ ቦታውን፣ የፎቁን ብዛት፣ የግድግዳውንና የጣሪያውን ቁስ፣ የአሁኑን አገልግሎት፣ የጉዳቱን ሁኔታ እና በግልጽ የሚታዩ ለውጦችን አስፍሩ።

ፎቶ ሲነሳ እያንዳንዱ ፊት ቀጥታ ከፊት ለፊቱ፣ ከዚያም ከሁለት ማዕዘን ይወሰድ። ዝርዝር ነገር ሲነሳ፦ መቃን፣ ማጠፊያ፣ የአሸንዳ ጫፍ፣ የተቀረጸ ጽሑፍ፦ በአጠገቡ በሴንቲሜትር የተከፋፈለ መለኪያ ዘንግ አቁሙ። የፋይሉ ስም የሕንጻውን ቁጥር፣ ቀኑንና አቅጣጫውን ይያዝ። ይህ ካልተደረገ ከሁለት ዓመት በኋላ የማን እንደሆኑ የማይታወቁ ብዙ መቶ ፎቶዎች ብቻ ይቀራሉ። ግቢ ለመግባት ፈቃድ ጠይቁ፤ ካልተፈቀደ ከመንገድ የሚታየውን መዝግባችሁ ውስጡ እንዳልታየ ጻፉ።

ቀላል የመሬት ወለል ንድፍም ጠቃሚ ነው። የእያንዳንዱን ክፍል አራት ጎን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም ሰያፍ ለኩ፤ የድሮ ክፍል ቀጥ ያለ ማዕዘን የለውም፣ ያለ ሰያፍ ልኬትም ንድፉ አይገጥምም። ለወለሉ 1 ለ 100 ወይም 1 ለ 50፣ ለበርና መስኮት 1 ለ 20 መመጠኛ ይስማማል።

3. ዕድሜውን ማረጋገጥ

ሦስት ምንጭ አለ፦ ሕንጻው ራሱ፣ ወረቀት እና ሰው። አንዱ ብቻውን አይታመንም።

ከሕንጻው ብዙ ነገር ይነበባል። በጣውላ ላይ ቀጥ ያለና ያልተስተካከለ ጭረት ካለ በእጅ መጋዝ የተሰነጠቀ ነው፤ የቅስት ቅርጽ ያለው ጭረት ደግሞ የክብ መጋዝ ምልክት ነው። በቀጥቃጭ እጅ የተሠራ ሚስማር አንዱ ከሌላው ይለያያል፤ የፋብሪካ ሚስማር ግን አንድ ዓይነት ነው። በግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጥ ያለ መጋጠሚያ፣ ድንጋዩ ሳይተሳሰር፣ አንዱ ክፍል በኋላ መጨመሩን ያሳያል። ጥንቃቄ ግን ያሻል፦ ያረጀ ምሰሶ ከፈረሰ ቤት መጥቶ በአዲስ ቤት ሊተከል ይችላል።

በወረቀት በኩል የይዞታና የግብር መዝገብ፣ የድሮ ካርታ፣ የአየር ፎቶ እና የግንባታ ፈቃድ ፈልጉ። በ1950 በተነሳ የአየር ፎቶ የሌለ ሕንጻ ከዚያ በኋላ መሠራቱ ይታወቃል፤ ይህ ከብዙ ምስክር ይሻላል። ሽማግሌዎችን ስትጠይቁ «መቼ ተሠራ?» ከማለት «አንተ ትምህርት ቤት ስትገባ ነበረ ወይ?» ማለት የተሻለ መልስ ያመጣል። በርግጠኝነት ያልታወቀውን በግምት አትሙሉ፤ ከየትኛው ዓመት በፊት ወይም በኋላ እንደሆነ ብቻ ጻፉ።

4. መመዘኛውን አስቀድሞ መጻፍ

መመዘኛው ሕንጻዎቹ ከመመዘናቸው በፊት ተጽፎ ለሕዝብ ይገለጽ፤ ካልሆነ የወዳጅ ቤት ገባ፣ የባላንጣ ቤት ቀረ ይባላል። የተለመዱት ዕድሜ፣ ብርቅነት፣ የአሠራር ጥበብ፣ ከሰው ወይም ከክስተት ጋር ያለው ግንኙነት፣ ከጎረቤቶቹ ጋር የሚፈጥረው ገጽታ እና ለኅብረተሰቡ ያለው ትርጉም ናቸው። በአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ በጥቅሉ 50 ዓመት ያልሞላው ሕንጻ አይገባም፣ ልዩ ጠቀሜታ ከሌለው በቀር። እናንተም ዝቅተኛ የዕድሜ ገደብ ስታበጁ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ተዉ።

ነጥብ ደምሮ አማካይ ማውጣት አይመከርም። ያላማረና ብዙ ጊዜ የተጠገነ አዳራሽ የአካባቢው ማኅበር የተመሠረተበት ከሆነ በዚያ በአንዱ ብቻ ሊገባ ይገባል፤ አማካይ ይህን ይሰውረዋል።

5. የጠቀሜታ መግለጫ

አብዛኛው የጥበቃ ሥራ የሚወድቀው ወይም የሚቆመው እዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ሕንጻ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ መግለጫ ጻፉ፤ ሦስት ጥያቄ ይመልስ፦ ለምን ይጠቅማል? ጠቀሜታውን የተሸከመው የትኛው አካሉ ነው? የማይጠቅመውስ የትኛው ነው?

ለምሳሌ፦ «በመንገድ በኩል ያለው የድንጋይ ፊት፣ አምስቱ ባለቅስት መስኮቶች ከእንጨት መቃናቸው ጋር፣ የውስጡ የእንጨት ደረጃ፣ የግቢው አጥርና መግቢያ በር መጠበቅ አለባቸው። በጓሮ በኩል በኋላ የተጨመረው የብሎኬት ክፍል ጠቀሜታ የለውም፤ ሊነሳ ወይም ሊለወጥ ይችላል።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከፊተኛው እኩል ያስፈልጋል። ባለንብረቱ መኖርና መለወጥ የሚችልበትን ቦታ ያሳየዋልና ተቃውሞው በእጅጉ ይቀንሳል። አጥር፣ ጉድጓድና ዛፍ ካልተጠቀሱ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው።

6. ባለንብረቱና ሕጉ

ባለንብረቱ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሳይሆን ከእናንተ አንደበት ይስማ። መግለጫውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ስህተት ካለ ያርም፣ ተቃውሞውን በጽሑፍ ተቀበሉ። እዚህ ላይ አደገኛ ክፍተት አለ፦ ምዝገባው በታሰበበትና በጸደቀበት ጊዜ መካከል አንዳንድ ሰው ቸኩሎ ያፈርሳል። ስለዚህ ጊዜያዊ እገዳ ማውጣት የሚችለው አካል ማን እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ። በእንግሊዝ የአካባቢው አስተዳደር እስከ ስድስት ወር የሚቆይ ጊዜያዊ ጥበቃ ሊሰጥ ይችላል።

በአካባቢ ዝርዝር ውስጥ መግባት ብቻውን በብዙ አገር ማፍረስን አይከለክልም። ዝርዝሩ ከግንባታና ከማፍረስ ፈቃድ ሂደት ጋር እንዲያያዝ፣ ማለትም ፈቃድ ሰጪው ባለሙያ ቁጥሩን ሲያይ ፋይሉን እንዲያቆም ጠይቁ። ሌላው መንገድ ከይዞታው ጋር የሚተላለፍ ግዴታ ነው፦ በአሜሪካዋ ሳቫና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1955 የተቋቋመው የሳቫና ታሪካዊ ፋውንዴሽን ለመፍረስ የተቃረቡ ቤቶችን እየገዛ፣ የጥበቃ ግዴታ በውሉ አስገብቶ መልሶ ይሸጥ ነበር፤ የተገኘው ገንዘብ ቀጣዩን ቤት ይገዛል።

7. በቸልታ እንዳይፈርስ

የተጠበቀ ሕንጻ በቸልታም ይጠፋል፤ ቀዳሚው ጠላት ውኃ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከዝናብ ወቅት በፊትና በኋላ፣ ጣሪያና አሸንዳ ይታይ። በውጭ ያለው መሬት ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ዝቅ ይበል፤ የተከመረ አፈር እርጥበትን በግድግዳው ያወጣል።

በኖራ ወይም በጭቃ የተሠራ ግድግዳ በሲሚንቶ አይጠገን። ውኃና ጨው የሚወጡት ለስላሳ በሆነው ማያያዣ በኩል ነው፤ ሲሚንቶ ያንን ሲደፍን እርጥበቱ በድንጋዩ ወይም በጡቡ ፊት ይወጣና ፊቱ እየተላጠ ይረግፋል። የተበላ መጋጠሚያ ሲሞላ በእጅ መሮ፣ ጥልቀቱ የስፋቱን እጥፍ ያህል ይጠረግ፣ ይርጠብ፣ ከዚያ በመጠን አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ አሸዋ ይሞላ። ለአንድ ሳምንት ያህል በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፤ በፀሐይ ፈጥኖ የደረቀ ኖራ ዱቄት ይሆናል። የፕላስቲክ ቀለምም እርጥበቱን ስለሚያፍን በኖራ ልስን ላይ አይቀባ።

ስንጥቅ ሲታይ ለመድፈን አትቸኩሉ። በግራና በቀኙ ምልክት አድርጋችሁ ርቀቱን በየወሩ ለአንድ ዓመት ለኩ፤ ከወቅት ጋር የሚከፈትና የሚዘጋው አንድ ነገር ነው፣ እያደር የሚሰፋው ሌላ፤ ሁለተኛው መሐንዲስ ይፈልጋል።

የጎደለ አካል ሲተካ ስለ ቅርስ ጥገና የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር፣ እንደሚለው ከነባሩ ጋር ይስማማ፣ ቀረብ ብሎ ላየው ግን አዲስነቱ ይለይ። የቀድሞ ቅርጹ በፎቶ ወይም በቅሪት ካልታወቀ አትገምቱ፤ ክፍት ይቆይ።

ቅጾቹን ቢያንስ በሦስት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ በወረቀት ይሁን። በየዓመቱ ከዚያው ቦታ አዲስ ፎቶ አንሱ፣ በየአምስት ዓመቱ ዝርዝሩን ከልሱ። ለፈረሰ ሕንጻም ቅጹን አታስወግዱ፤ የፈረሰበትን ቀን፣ ፈቃዱን የሰጠውን ክፍልና የተሰጠውን ምክንያት ጨምራችሁ አቆዩት።