ቢላዋና መጥረቢያ ሲቀጠቀጥ የሚገጥሙ ችግሮች፣ ምክንያታቸውና መፍትሄያቸው

በጓሮው ትንሽ ምድጃ ሠርቶ ቢላዋ መቀጥቀጥ የጀመረ ሰው ሥራው ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቅሰው ክንዱንና መዶሻውን ነው። ስለት ላይ የሚታየው ጥፋት ግን አብዛኛው እሳት ውስጥ የተፈጠረ ነው፤ ምክንያት ሲፈለግ ከምድጃው መጀመር ያዋጣል። እዚህ የተጻፈው አሮጌ የመኪና ባሌስትራ ለሚቀጠቅጥ ጀማሪ ነው። ባሌስትራ ከየጋራዡ ይገኛል፤ ካርቦኑም ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ገደማ ስለሆነ ለቢላዋም ለመጥረቢያም ይበቃል። አብዛኛው ፌሮ ለስለት የሚሆን ካርቦን የለውም፤ እጅ ለማፍታታት ካልሆነ አይድከሙበት።

ቢነፋ ቢነፋ ብረቱ ከቀይ አያልፍም

በክረምት ከሆነ መጀመሪያ ከሰሉን ጠርጥሩ። እርጥበት የጠጣ ከሰል ሙቀቱን ውሃ በማትነን ይጨርሰዋል። የቀኑን ከሰል ከምድጃው አጠገብ አስጥታችሁ አድርቁ፤ ደርቆም የሚንጣጣ ከሆነ ገና ነው። ከአዊ በኩል የሚመጣው የዲከረንስ (የግራር ዓይነት ዛፍ) ከሰል ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፤ ከማዳበሪያው ግርጌ የሚቀረውን ዱቄት ግን ምድጃ ውስጥ አትጨምሩት፤ የአየር መንገድ ይዘጋል። ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን ለቅማችሁ ተጠቀሙ።

ከሰሉ ደርቆም ካልሞቀ አየሩ አንሷል ማለት ነው። እኛ ያለንባት ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከቆላ ባሕር ዳርቻ አገር አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተመጠነ ማናፈሻ እዚህ ያንሳል። የወናፉን ስፌትና ከቧንቧው ጋር የሚገናኝበትን አንገት ፈትሹ፤ በእጅ ጀርባ ሲዳሰስ የሚያፈተልክ አየር ይታወቃል።

ሙቀት ለማግኘት ብሎ ብረቱን ከቧንቧው አፍ ፊት ለፊት መደቀን ሌላ ጥፋት ያመጣል። እዚያ ያልተቃጠለ ኦክስጅን ስላለ ብረቱ በጥቁር ቅርፊት ይሸፈናል፣ ከገጹም ካርቦን ይሸሻል። ብረቱ ከቧንቧው አፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በላዩ ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር የጋመ ከሰል ለብሶ ይቀመጥ።

በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ እንደሚገድል ማንም ያውቃል። ያነሰ የሚታወቀው የጋልቫናይዝድ ቧንቧና ቆርቆሮ ነው፤ ዚንኩ ሲጋል የሚያወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። እሳት አያግኘው።

ሲመታ ይሰነጠቃል

ስንጥቁ ጠርዝ ላይ ከሆነ ብረቱ በርዶ ተመትቷል። ብርቱካንማ ሲሆን ጀምሩ፣ ወደ ደብዛዛ ቀይ ሲወርድ መዶሻው ይቁም። ከእሳት ሲወጣ ነጭ ብልጭታ የሚረጭ ብረት ግን ተቃጥሏል፤ የተቃጠለውን ጫፍ ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ቆርጦ ከመጣል ሌላ መድኃኒት የለውም።

አንዳንዴ ጥፋቱ የናንተ አይደለም። ባሌስትራ ለዓመታት ጭነት ሲሸከም በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያበጃል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዝገቱን አራግፋችሁ ነጭ ጋዝ ቀቡት፤ ትንሽ ቆይታችሁ በደንብ ጥረጉና ጠመኔ አሹበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ጠመኔውን አርሶ መስመር ያወጣል። ይህን የምታደርጉት ከእሳቱ ርቃችሁ ነው።

ስለቱ ሲሳሳ ቢላዋው ወደ ጀርባው ይጎብጣል

የተመታው ጎን ስለሚረዝም ነው። ስለቱን ማሳሳት ከመጀመራችሁ በፊት ብረቱን ወደ ስለቱ በኩል በትንሹ አጉብጡት፤ ስለቱ ሲረዝም ራሱ ይቃናል። ዘግይቶ የታየ እንደሆነ አግላችሁ ጀርባውን መስፉ ላይ አስተኙና ስለቱን በእንጨት መዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱ።

ተነክሮም አልጠነከረም፤ ሊማ ይበላዋል

ቢላዋ እንዲጠነክር ግሎ ዘይት ውስጥ ይነከራል፤ ከጠነከረ ሊማ ይንሸራተትበታል እንጂ አይበላውም። ጀማሪ ሁሉ የሚደርስበት ችግር ይኸው ነው፤ ምክንያቱም አራት ነው። በተራ ካልተፈተሸ ያለ ጥፋቱ ብረቱ ይጣላል።

መጀመሪያ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ከገጹ ፍቃችሁ እንደገና በሊማ ሞክሩ። ላዩ ካርቦኑን አጥቶ ውስጡ ጠንካራ ሊሆን ይችላል። ሊማው ከተንሸራተተ ቢላዋው ደኅና ነው፤ ሲሳል የለሰለሰው ይወገዳል።

ቀጥሎ ሙቀቱ ነው። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ማግኔት አይስበውም፤ ባሌስትራ ግን የሚጠነክረው ወደ 830 ሲደርስ ነው። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በሽቦ አንጠልጥላችሁ አስነኩት፤ መሳቡን ሲያቆም ወደ እሳቱ መልሱና ቀለሙ አንድ ደረጃ ሲፈካ ሁለት ሦስት ደቂቃ አቆዩት። በፀሐይ የታየ ቀለም ያታልላል፤ ደብዛዛ የመሰለው ብረት ከመጠን ያለፈ ሊሆን ይችላል። ባለሙያ ቀጥቃጭ ጎጆ ውስጥ የሚሠራው ጥላ ፍለጋ ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው ዘይቱ ነው። ቀዝቃዛ ዘይት ስለሚወፍር ሙቀቱን ቶሎ አይወስድም። 4 ወይም 5 ሊትር የምግብ ዘይት ክዳን ባለው የብረት ዕቃ አድርጋችሁ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አሙቁት። የኑግ ዘይት ይሠራል፤ ግን ለወጥ የሚሆነውን ማባከን ነው፣ የሚረጋው ርካሹ ዘይት ሲሞቅ ስለሚቀልጥ ያው ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጭሱ መርዝ ነው፤ አይመከርም። ዘይቱ እሳት ቢይዝ ክዳኑን ግጠሙ፤ ውሃ አይነካውም።

ሦስቱም ተሟልተው ካልጠነከረ ብረቱ ራሱ አይሆንም። ከዚያው ብረት አውራ ጣት የሚያህል ቁራጭ አግላችሁ ውሃ ውስጥ ንከሩ፤ ሞርሳ አስይዛችሁ፣ መነጽር አድርጋችሁ በመዶሻ ምቱት። የሚታጠፍ ከሆነ ካርቦን የለውም። ከተሰበረ ስብራቱን እዩ፤ ግራጫና ደቃቅ ከሆነ መልካም፣ እንደ ስኳር ካብለጨለጨ ብረቱ ከመጠን በላይ ግሏል። የዚህ መፍትሄ ቢላዋውን ሦስት ጊዜ አግሎ ሳይነክሩ በአየር ማቀዝቀዝ ነው፤ እያንዳንዱ ግለት ከፊተኛው ትንሽ ዝቅ ይላል።

ሲነከር ጥው ብሎ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል

ባሌስትራ ውሃ አይወድም፤ ለቁራጭ ሙከራ ካልሆነ በዘይት ብቻ ይነከራል። ስለቱ ሳይነከር በፊት ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቅርለት። የመጨረሻውን ስስነት የሚያገኘው ከጠነከረ በኋላ፣ ጣት በሚታገሠው ሙቀት እየተሳለ ነው። ሹል ማዕዘንና ወደ ጎን የሚሄድ የግራይንደር ጭረት ስንጥቅ ይጠራሉ፤ አድቦልቡሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት በርዝመቱ አልስልሱ።

ለመጣመም ዋናው ምክንያት አንዱ ጎን ከሌላው የበለጠ መሞቁ፣ ቀጥሎም ዘይቱ ውስጥ ወደ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ነው። ቁልቁል አስገብታችሁ ወደ ስለቱና ወደ ጀርባው አቅጣጫ ብቻ አንቀሳቅሱ። ተጣሞ ቢወጣ ገና ትኩስ ሳለ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች በጓንት ይዛችሁ በሁለት ጣውላ መካከል ጨቁኑት። ከቀዘቀዘ ኃይል አይሞከርም፤ ይሰበራል።

ስለቱ ይሸራረፋል ወይም ይታጠፋል

የተሸራረፈው ከተነከረ በኋላ መልሶ አልተሞቀም፣ ወይም ሙቀቱ አንሶታል። ቢላዋ 200 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት ይቆያል፤ ቀዝቅዞ እንደገና ሁለት ሰዓት። የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ (ኦቭን) የሌለው በአሮጌ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ደረቅ አሸዋ ዘርግቶ፣ ቢላዋውን ቀብሮ አክንባሎ መድፋት ይችላል። የቤት እመቤቷ ምጣድ አይሁን እንጂ ሙቀቱ ለዚህ በቂ ነው። ሙቀቱን የሚነግራችሁ አጠገቡ የተቀበረ የተወለወለ የብረት ቁራጭ ነው፤ ፈዘዝ ያለ ገለባማ ቢጫ ከሆነ 200 ደርሷል። አሁንም ከተሸራረፈ ወደ 220 ከፍ አድርጉ። ሰማያዊ የሆነ ቢላዋ ወደ 300 ስለደረሰ ለስልሷል፤ እንደገና አግሎ ከመንከር ይጀመራል።

የሚታጠፍ ስለት ሁልጊዜ ለስላሳ ማለት አይደለም። ሊማ ከተንሸራተተበት የተሳለበትን ማዕዘን እዩ፤ ለወጥ ቤት በየጎኑ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይበቃል።

መጥረቢያ

ለመጀመሪያ መጥረቢያ ባሌስትራ አጥፎ ማጣበቅ ከባድ ነው። የዛቢያው ቀዳዳ ያለበት አሮጌ የ1 ኪሎ መዶሻ ራስ ይሻላል፤ አንዱ ፊቱ ተቀጥቅጦ ስለት ይሆናል። አጥፎ የሚያጣብቅ ሰው መጋጠሚያው ከተላቀቀበት ውስጡ ቅርፊት ቀርቷል፤ በሊማ አጽድቶ ቦራክስ (ቅርፊት የሚያሟሟ ዱቄት) ነስንሶ፣ ወደ ደማቅ ቢጫ ሲጠጋ በቀላሉና ቶሎ ቶሎ ከመሃል ወደ ዳር ይመታል።

ቀዳዳው አካባቢ የሚሰነጠቅ መጥረቢያ መላ ራሱ ተነክሮ ነው። የሚነከረው ስለቱ ብቻ ነው፣ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር። አውጥታችሁ ስለቱን ፈጥናችሁ ፈግፍጉ፤ ከኋላው ያለው ሙቀት ወደ ስለቱ ሲመጣ ቢጫ፣ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ እያለ ይሄዳል። ቡናማው ወደ ወይን ጠጅ ሲዞር ስለቱ ላይ በደረሰበት ቅጽበት መልሳችሁ ንከሩት። ሰማያዊ ካለፈ ባሕር ዛፍ ላይ ይታጠፋል።

ራሱ ከዛቢያው የሚወልቀው እንጨቱ እርጥብ ሳለ ስለተገጠመ ነው፤ በበጋ ይሸሻል። ወይራ ቢያንስ ስድስት ወር በጥላ ደርቆ ይጠረብ፣ ሽብልቁም ከደረቀ እንጨት ይሁን። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማጥበቅ ለአንድ ቀን ይረዳል፤ ያበጠው እንጨት ቀዳዳው ውስጥ ተጨፍልቆ ስለሚደርቅ ግን ከበፊቱ ይብስ ይላላል። ሽብልቁን አውጥታችሁ ወፈር ያለ ምቱ፣ የተቆረጠውን ጫፍ ደግሞ የተልባ ዘይት እስኪጠግብ አጠጡት።