በግል በሚሠራ አውሮፕላን የነዳጅ ታንክ ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

አውሮፕላን በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው ስለ ነዳጅ ታንክ ሲነሣ ቀድሞ የሚፈራው ፍሳሽን ነው። ፍሳሽ ግን ቢያንስ ይሸታል። ይበልጥ የሚያሰጋው ታንኩ ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ቤንዚን ሲያጣ ነው።

ታንኩን በኮምፕሬሰር መፈተሽ። «ትንሽ አየር ምን ያመጣል?» የሚሉ አሉ። 50 በ100 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ግድግዳ 1 ፒኤስአይ (በአንድ ስኩዌር ኢንች ላይ የአንድ ፓውንድ ግፊት) ብቻ ከ350 ኪሎ ግራም ባላነሰ ኃይል ይገፋዋል፤ ቆርቆሮው ያብጣል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል። በብስክሌት መንፊያ ቀስ ብለው ይንፉ። ለመለኪያ ውስጡን የሚያሳይ ቱቦ በU ቅርጽ አጥፈው ውሃ ይጨምሩበት፣ አንዱን ጫፍ ከታንኩ ጋር ያገናኙ፣ ሌላውን ክፍት ይተዉት፤ የሁለቱ ጎኖች የውሃ ከፍታ ልዩነት 70 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 1 ፒኤስአይ ደርሷል። ቱቦውን ብዙ ካላስረዘሙት፣ ግፊቱ ሲያልፍ ውሃው ተፈናጥሮ ይወጣል እንጂ ታንኩ አይጎዳም። ከዚያ መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ይቀቡት። የክፍሉ ሙቀት ሲለዋወጥም ውሃው ስለሚንቀሳቀስ «ያፈሳል» ለማለት አይቸኩሉ።

መተንፈሻውን መርሳት። በወጣው ቤንዚን ቦታ አየር ካልገባ ፓምፑ ቢጎትትም ነዳጁ አይመጣም፤ ስስ ታንክማ ወደ ውስጥ ይጨማደዳል። ጫፉን ለመድፈን አንዲት ተርብ የሠራችው የጭቃ ጎጆ ይበቃል። ወንፊት ያድርጉለት፤ በረዶ ቢዘጋው ደግሞ የሚያገለግል ሁለተኛ ትንሽ ቀዳዳ ከጀርባው ይብሱ።

የውሃ ማፍሰሻውን ያለቦታው ማድረግ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ጭራው ላይ ጎማ ያለው አውሮፕላን መሬት ላይ ሲቆም ዝቅ የሚለው ጥግ ሲበር ዝቅ ከሚለው ይለያል። ማፍሰሻው በቆመበት ዝቅ የሚለው ጥግ ላይ ይሁን።

ቤንዚኑ ኢታኖል (አልኮል) እንዳለበት ሳያረጋግጡ መሙላት። ኢታኖል አንዳንድ ሬዚኖችን (የፋይበርግላስ ሙጫዎችን) እና ማሸጊያዎችን ያለሰልሳል፤ የተላጠው ቅርፊት ሄዶ ማጣሪያውን ይደፍናል።

በፕላስቲክ ጀሪካን መቅዳት። ፕላስቲክም ፋይበርግላስም የኤሌክትሪክ ቻርጅ አያስተላልፉም፤ ቻርጁ ይጠራቀማል፣ እሳት ለማስነሣት ደግሞ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። የታንኩን አፍ ብረት ከአውሮፕላኑ ብረታማ አካል ጋር በሽቦ ያገናኙ፤ ሲቀዱም መቅጃውንና አውሮፕላኑን አስቀድመው በሽቦ ያያይዙ።

የታንክ መምረጫውን ቫልቭ እጅ በማይደርስበት ማስቀመጥ። ዘፋኙ ጆን ዴንቨር በ1997 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞንተሬይ አጠገብ የሞተው ሎንግ-ኢዚ በተባለ በእጅ የተሠራ ትንሽ አውሮፕላን ነበር። በዲዛይኑ ቫልቩ ከአብራሪው እግሮች መካከል ነው፤ የሠራው ሰው ግን ከግራ ትከሻ ጀርባ አድርጎት ነበር። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እንዳለው፣ ዴንቨር ቫልቩን ለማዞር ሲሞክር ሳያስበው የቀኙን የመሪ ፔዳል ረግጦ አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃተው። የእርስዎን ገና መሬት ላይ ሳሉ ይሞክሩት፦ ቀበቶ ታስረው፣ ዓይን ጨፍነው፣ እግር ከፔዳሉ ሳይንቀሳቀስ።