ጥግ ስዞር ሳላየው ሞትኩ፦ ከ40 በላይ ለሆንን የተኩስ ጌም ተጫዋቾች ችግርና መፍትሄ

«አረጀሁ በቃ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ» እያለ ማውሱን ሊወረውር የደረሰ ስንት ሰው ጎን ቁጭ ብያለሁ መሰላችሁ። እኔም ያው ነበርኩ። አሁን 46 ነኝ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ነው የምጫወተው፣ ቮይስ ላይ የሚገቡት ልጆች «ፋዘር» ነው የሚሉኝ፣ ይበሉኝ፣ ራውንዱን ግን ከነሱ እኩል ነው የምጨርሰው። ኢንተርኔቱን በኬብል አድርግ፣ ከኋላ ዳውንሎድ የሚያደርገውን ዝጋ ምናምን የሚለውን ታውቁታላችሁ ብዬ ዘልዬዋለሁ።

ችግር፦ አዲስ ሞኒተር ገዛሁ፣ ምንም ለውጥ የለውም

ባለ 144 ኸርዝ (በሰከንድ 144 ምስል የሚያሳይ) ሞኒተር ገዝተህ ዊንዶውስ 60 ላይ ትቶት ይሆናል። ስንቴ እንዳየሁት! አንዱ ሰውዬ ዓመት ሙሉ እንደዛ ተጫውቶ «ልዩነቱ እኮ ለማስታወቂያ ነው» ሲለኝ ነበር። 60 ላይ አንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል፣ 144 ላይ 6.9። የዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ አድቫንስድ የሚለው ጋ ገብተህ ቀይረው። ቁጥሩ እዛ ከሌለ ኬብሉን ተጠራጠር፣ ከየትም ተለቅሞ የመጣ አሮጌ ኬብል ነው ብዙ ጊዜ። ቲቪ ላይ የምትጫወት ከሆነ ጌም ሞዱን አብራ፣ ቲቪው ምስል ላሳምር እያለ ነው የሚያዘገይብህ።

ችግር፦ ጥግ ስዞር ሳላየው ሞትኩ፣ እኔ ሳልተኩስ እሱ ጨረሰኝ

ዋናው ይሄ ነው። አስር ሰው ቢያማክረኝ ስምንቱ ይሄው ነው ያለበት፣ አስሩም ግን ዕድሜ ነው ይላሉ።

የሚስቴ ወንድም 50 አልፎታል፣ ድሮ ካውንተር ስትራይክ 1.6 በሚባለው የተኩስ ጌም ዘመን ማንም አይችለውም ነበር (በራሱ አነጋገር)። ተመልሶ ሲጀምር በየደቂቃው ይሞታል፣ መጀመሪያ ማውስ ቀየረ፣ ከዛ ሄድሴት፣ ከዛ ወንበር፣ ወንበሩ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። አንድ ማታ ጨዋታውን ሪከርድ አደረግንና በየሞተበት ቦታ ፖዝ እያልን ቆጠርን። 14 ጊዜ ሞቷል። 11ዱ ላይ ክሮስሄሩ (ስክሪኑ መሃል ያለው የማነጣጠሪያ ምልክት) ያለው መሬት ላይ ነው። «ሳንቲም ጠፍቶብህ ነው እንዴ መሬት መሬቱን የምታየው?» አልኩት። ሳቀ፣ ከዛ ዝም አለ፣ ከዛ አንዴ መልሰህ አሳየኝ አለ።

ምክንያቱ፦ አንድ ነገር ታይቶ ጣት እስኪንቀሳቀስ 200፣ 250 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው፣ ዕድሜ ሲገፋ የሚጨመረው ጥቂት አስር ሚሊሰከንድ ቢሆን ነው። እሱ አይደለም የሚገድልህ። ክሮስሄርህ መሬት ላይ ከሆነ ሰውየው ብቅ ሲል መጀመሪያ ትደነግጣለህ፣ ከዛ ማውሱን ወደ ላይ ትጎትታለህ፣ ያልፍሃል፣ ትመልሰዋለህ፣ እሱን ስታደርግ አንተ ወድቀሃል። ልጁ ፈጣን ስለሆነ አይደለም የገደለህ፣ ክሮስሄሩን አስቀድሞ በጭንቅላትህ ቁመት ይዞ ስለመጣ የቀረው መጫን ብቻ ነው። የሚገርመው እኛ ትላልቆቹ በዚህ በኩል ምንም የሚጎድለን ነገር የለም፣ ይሄ የፍጥነት ሳይሆን የልማድ ነገር ነው።

መፍትሄው፦ ሰው የሌለበት ባዶ ማፕ ክፈት። ቦትም (ኮምፒውተሩ የሚያጫውተው ተቃዋሚ) አታስገባ። አትተኩስ። ዝም ብለህ ሂድ፣ እየሄድክ ክሮስሄሩን ሰው ቢወጣ ጭንቅላቱ በሚሆንበት ቁመት ያዝ። ምልክት ፈልግ፦ የበር መስመር፣ የሳጥን ጫፍ፣ ግድግዳ ላይ ያለ ቀለም፣ ማፑን የሰሩት ሰዎች ሳያስቡት ማስመሪያ ትተውልሃል። ደረጃና ዳገት ላይ ቁመቱ ይቀየራል፣ ብዙ ሰው እዛ ጋ ነው የሚረሳው። በቀን አስር ደቂቃ፣ ለሁለት ሳምንት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፣ የሚስቴ ወንድም በሦስተኛው ቀን «ይሄ ጌም ነው ወይስ ቅጣት» ብሎኛል፣ አሁን ግን እሱ ነው ሰው የሚያስተምረው።

ክሮስሄሩን ግድግዳው ጠርዝ ላይ ደግሞ አትለጥፈው። ሰው የሚወጣው እየሮጠ ነው፣ ጠርዙ ላይ ከለጠፍከው ሁሌ ከኋላው ነው የምትተኩሰው፣ ትንሽ ክፍተት ተውለት። ኔትወርኩም የሚያግዘው የሚወጣውን ነው፣ አንተ ቆመህ ስትጠብቅ እሱ በሰርቨሩ መዘግየት ምክንያት ቀድሞ ያይሃል፣ ስለዚህ «ቆሜ እየጠበኩት እንዴት ገደለኝ» ብለህ ቺት ነው አትበል። አልፎ አልፎ ቺት ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም።

ራስህም ጥግ ላይ ተለጥፈህ አትዙር። ከሁለታችሁ ከጠርዙ ራቅ ያለው ነው ቀድሞ የሚያየው። ወደ ኋላ ሳብ በልና ጥጉን ዳቦ እንደሚቆርጥ ሰው በትንሽ በትንሹ ክፈተው። አንዴ ዘለህ ከወጣህ አራት ቦታ በአንዴ ማየት አለብህ፣ ያን ጊዜ ነው እውነትም ዕድሜህ ትዝ የሚልህ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይሄን ሁሉ አድርገህ እየሮጥክ የምትተኩስ ከሆነ ልፋትህ ገደል ገባ። ካውንተር ስትራይክና ቫሎራንት የሚባሉት ጌሞች ላይ እየተንቀሳቀስክ ከተኮስክ ጥይቱ ይበተናል፣ ክሮስሄሩ ግንባሩ ላይ ቢሆንም አይመታም። ወደ ቀኝ እየሄድክ ከሆነ የግራውን ቁልፍ ነካ አድርግ፣ ትቆማለህ፣ ከዛ ተኩስ። ኮል ኦፍ ዱቲ ላይ ይሄ ያን ያህል አይጠብቅም፣ ከዛ ወደነዚህ የሚመጡት ናቸው በጣም የሚቸገሩት።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ሁለት ሳምንት ውስጥ ራንክ (ደረጃህ የሚቆጠርበትን ጨዋታ) አትጫወት። ልማድ ስትቀይር መጀመሪያ ትብሳለህ፣ ራንክህ ሲወርድ ታያለህ፣ ተናደህ ወደ ድሮው ትመለሳለህ። ሦስት ሰው በዚህ ምክንያት ከስሬ አምልጦኛል።

ችግር፦ ክሮስሄሩ ሰውየውን እያለፈው ይሄዳል

ሴንሲቲቪቲህ (ማውሱ ትንሽ ሲነካ ጌሙ ውስጥ ምን ያህል እንደምትዞር) ከፍ ያለ ነው። ለካ ማለት አለብህ፣ በግምት አይሆንም። ማስመሪያ አምጣ፣ ጌሙ ውስጥ ሙሉ ክብ ለመዞር ማውሱ ስንት ሴንቲሜትር እንደሚሄድ እይ። ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ 800 ዲፒአይ (የማውሱ የራሱ የፍጥነት ቁጥር) እና ሴንሲቲቪቲ 1 ከሆነ 52 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ቫሎራንት ላይ 800ና 0.35 ከሆነ 47 ገደማ። ብዙ ፕሮዎች እዚህ ሰፈር ናቸው። አንድ የስራ ባልደረባዬ ማውሱ ከሳጥኑ ሲወጣ የነበረውን 3200 ሳይነካው በሴንሲቲቪቲ 2 ነበር ካውንተር የሚጫወተው፣ ስንለካው ስድስት ሴንቲሜትር ተኩል! ቢያስነጥስ እኮ ወደ ኋላ ይዞራል። ዲፒአይ ከፍ ማለቱን ጥራት አስመስለው የሚሸጡት እነዚያ መብራታቸው የበዛ ርካሽ ማውሶች ናቸው እንዲህ የሚያሳስቱት።

በአንዴ ወደ 50 ሴንቲሜትር አትሂድ፣ ክንድህ አልለመደውም። መጀመሪያ 30 አካባቢ፣ ከዛ ቀስ እያልክ። ሰፊ ፓድ ያስፈልግሃል፣ ኪቦርዱን ገፋ አድርገው። ዊንዶውስ ላይ የማውስ አክስለሬሽኑን (እጅህ ሲፈጥን ማውሱን ይበልጥ የሚያፈጥነውን) አጥፋው፣ ጌሙ ውስጥ ሮው ኢንፑት (ማውሱን በቀጥታ የሚያነበው) የሚል ካለ አብራው። ከዛ በኋላ አትንካው። ባክህ አትንካው። አንድ ማች በተሸነፍክ ቁጥር ሴንሲቲቪቲ የምትቀይር ከሆነ እጅህ ምኑን ይያዝ።

ችግር፦ ጠላት አይታየኝም

መነጽር የምታደርግ ከሆነ እዚህ ጋ ቆም በል። ለማንበብ የተሰራ መነጽር ለሞኒተር ርቀት አይደለም፣ ከላይ ለሩቅ ከታች ለቅርብ የሆነው ደግሞ አንገትህን ቀና አስደርጎ ነው የሚያጫውትህ። ከዓይንህ እስከ ሞኒተሩ ለካና ለዓይን ሐኪሙ ንገረው፣ ለዛ ርቀት የሚሆን ይሰራልሃል። እኔ ይሄን ሳደርግ ከማንኛውም ሴቲንግ በላይ ነው የጠቀመኝ። ቫሎራንት ላይ የጠላቱን ዙሪያ ቀለም ከቀይ ወደ ቢጫ ቀይረው። ኤፍኦቪውን (በአንዴ የሚታይህን ስፋት) መቀየር በሚቻልበት ጌም ላይ እስከ መጨረሻው የከፈትከው ከሆነ ቀንሰው፣ ሰው ሁሉ ጉንዳን ያክላል።

ችግር፦ እግር ኮቴ ከየት እንደመጣ አይለይም

ጌሙም ዊንዶውሱም ሄድሴቱም ሰራውንድ (ድምፁን ከየአቅጣጫው የሚመጣ የሚያስመስለውን) ከፍተው ድምፁን እየደራረቡት ነው፣ አንዱን ብቻ ተው። ሄድሴቱንም ገልብጠህ እንዳላደረግከው እይ፣ አትሳቅ፣ እኔ አድርጌዋለሁ።

ችግር፦ ኮንትሮለር ላይ ዝም ብዬ ሳለሁ ይንቀሳቀሳል

ስቲኩ አልቋል። ዴድዞኑን (ስቲኩ ትንሽ ሲነካ ጌሙ የማይቆጥረውን ክልል) ትንሽ ጨምር፣ ጊዜ ይገዛልሃል፣ ርካሹን ከሆነ የገዛኸው ግን ከወራት በኋላ መልሶ እዚሁ ነው የምትመጣው።

ችግር፦ መጀመሪያ ጥሩ ነኝ፣ ከዛ እየባሰብኝ ይሄዳል

ደክሞሃል። ሁለት ተከታታይ ከተሸነፍክ ዝጋ። «አንዲት ብቻ» ብለህ ሌሊት ሰባት ሰዓት የተጫወትካት ማች አንዷም ጥሩ ሆና አታውቅም።

ችግር፦ ጣቴ ይደነዝዛል፣ አንጓዬን ያመኛል

ይሄን እንደ ሌሎቹ እየታገስክ አትጫወት። ያን ማታ አቁም፣ ከተመላለሰ ሐኪም ጋ ሂድ። እኔ ክርኔ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር የምጫወተው፣ ሦስት ሳምንት ማውስ ሳልነካ ተቀምጫለሁ፣ ወንበሩን ከፍ አድርጌ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ ካሳረፍኩት ወዲህ አልተመለሰብኝም። የሚስቴ ወንድም ወንበሩን ለምን እንደቀየረ ያኔ ነው የገባኝ መሰለኝ።