ፍየሏ ጣሪያ ላይ ስትወጣ

አንደኛ ክፍል ሳስተምር 231ዱን ፊደላት በዜማ የሚያወርዱ፣ «ሙ» የትኛዋ ናት ሲባሉ ግን ከ«ሀ» ጀምረው ካልቆጠሩ የማያገኟት ልጆች ብዙ ነበሩ። የቀድሞ መምህራን «ሀ ሁ» የጨረሰን ልጅ «አ ቡ ጊ ዳ» የሚያስቆጥሩት ለዚህ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ሲፈርስ ዓይን ፊደሉን ራሱን ማየት ይጀምራል። ዛሬ ይህንን ሥራ ለአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ የምሠራው በሥዕል መጽሐፍ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አላነብላትም። ጭኔ ላይ ተቀምጣ መጽሐፉን እርሷ ትይዛለች፣ ገጹንም እርሷ ትገልጣለች። «ፍየሏ የት ወጣች?» እላታለሁ። «ቤት ላይ» ካለችኝ፣ «አዎ፣ የቤቱ የሣር ክዳን ላይ ወጣች» ብዬ አስፋፍቼ እመልስላታለሁ። «ይህ ምንድን ነው?» እያላችሁ አታድክሙት፤ ልጅ ፈተና ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። «አሁን ምን ልታደርግ ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። አምስት እስኪቆጠር ድረስ መልሱን አትንጠቁት።

በማግስቱ ጣቴን ከቃላቱ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ እያስኬድሁ አነባለሁ። ድምፅ አውጥቶ ማንበብ በእኛ ቋንቋ የተለየ ጥቅም አለው፤ ጽሑፋችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይምና። በአንዱ ገጽ «ፍየሏ ጣሪያው ላይ አለች» ይላል፤ በሚቀጥለው «‹ሜ!› አለች» ይላል። አጻጻፉ አንድ ነው፤ የፊተኛው «ለ» ይጠብቃል፣ የኋለኛው ይላላል። ይህንን ከአንባቢ አፍ ደጋግሞ ያልሰማ ልጅ ፊደል ቢለይም ዓረፍተ ነገሩ አይገባውም። ስለዚህ ያንኑ መጽሐፍ አሥር ጊዜ አንብቡልኝ ቢላችሁ አንብቡለት።

ፊደል የማሳያት ታሪኩን በቃሏ ከያዘችው በኋላ ነው፤ በአንድ ቀን ከአንድ አላሳልፍም። «ቤት» ከሚለው ጀመርን። «‹ቤ› በቀኝ እግሯ ቀለበት አድርጋለች» አልኋት፤ ሌላ ምንም አልጨመርሁም። ከሦስት ቀን በኋላ ፍየሏ የምትጮህበትን ገጽ ገልጣ ጣቷን «ሜ» ላይ አሳረፈች። «እማማ፣ ይህችም ቀለበት አላት!»

ከዚያ ወዲህ በየገጹ ቀለበት ያላቸውን ፊደላት ትለቅማለች፤ እኔም እያንዳንዳቸውን ስታገኝ ድምፃቸውን ብቻ እነግራታለሁ።