የእጅ ጽሑፍና የመጀመሪያ ህትመት ሲለያዩ፦ የፒያኖ ኖታ ለምታዘጋጁ

የአቀናባሪን የእጅ ጽሑፍ ከመጀመሪያ ህትመት ጋር የማነጻጸር ሥራ ሐዋሳ ተቀምጣችሁም በደንብ መሥራት ትችላላችሁ። የብዙ ሥራዎች የእጅ ጽሑፍና የድሮ ህትመት አይኤምኤስኤልፒ (IMSLP) በሚባለው የኖታ ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ። አውርዳችሁ ፒያሳ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ በትልቅ ወረቀት አሳትሙት፤ በስልክ ስክሪን የስታካቶ ነጥብ (ኖታው አጠር ተደርጎ እንዲመታ የሚያሳየው) ከቀለም ጠብታ አይለይም።

ከሁሉ በፊት የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ እወቁ። አቀናባሪው በእጁ ስለጻፈው ብቻ የመጨረሻ ቃሉ ነው ማለት አይደለም። ቤትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1819 የኦፐስ 106 ሶናታ ለንደን ሊታተም ሲል ለተማሪው ለሪስ ጽፎ አዳጆው (ዝግ ያለው ክፍል) መጀመሪያ ላይ አንድ ባር፣ ማለት በኖታው ቋሚ መስመሮች መካከል ያለ አንድ ክፍል፣ አስጨምሯል፣ ሁለት ኖታ ብቻ ናት፣ ግን መግቢያውን በሙሉ ትለውጠዋለች! ሾፓን ደግሞ ብዙ ሥራዎቹን በፈረንሳይ፣ በጀርመንና በእንግሊዝ በአንድ ሰሞን ያሳትም ነበር። ሦስቱ ህትመቶች አይገጥሙም። በተማሪዎቹ ኖታ ላይም በእርሳስ ለውጥ ይጽፍ ነበር።

ከዚያ ባር በባር ሂዱ። መጀመሪያ ኖታና ሻርፕ (ከፍ ማድረጊያ)፣ ፍላት (ዝቅ ማድረጊያ)፣ ናቹራሉን (ሁለቱን መሻሪያ) ብቻ፤ ስለር (ኖታዎችን የሚያያይዘው ቅስት)ና የድምፅ ጉልበት ምልክቱን በሌላ ዙር፣ አለበለዚያ ዓይን ያልፈዋል። ልዩነቱን ከባሩ ቁጥር ጋር ሠንጠረዥ ላይ ጻፉ።

የጎደለ ናቹራል ብዙውን ጊዜ ስህተት ነው። ሙሉ አኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ሲቀየር ግን አቀናባሪው ሐሳቡን ለውጦ ይሆናል። ስለዚህ የእጅ ጽሑፉንና ህትመቱን አትቀላቅሉ፤ አንዱን ዋና ምንጭ አድርጉ፣ ከሱ ስትወጡም ምክንያቱን ለአንባቢ ጻፉ።