በእጅ የሚያዝ የአቪዬሽን ሬዲዮ፦ ከመናገርዎ በፊት የሚያስፈልጉ ፈቃዶች

በእጅ የሚያዝ የአቪዬሽን ሬዲዮ በቀላሉ ሊገዛ ይችላል፤ የመናገሪያ ቁልፉን የመጫን መብት ግን ከሬዲዮው ጋር አብሮ አይሸጥም። ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ያለው መስመር ለአብራሪዎችና ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች የተመደበ ነው። መሬት ላይ ሆነው ሲያወሩ አንድ ኮረብታ የሚጋርደው ሬዲዮ፣ በ10,000 ጫማ ከፍታ ከሚበር አውሮፕላን ውስጥ ሲነገርበት ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሰማ ስለሚችል፣ የአንድ ሰው ስሕተት የብዙዎችን ግንኙነት ያውካል።

ፈቃድ ሲባል ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው የመሣሪያው ነው፤ ከመግዛትዎ በፊት ሞዴሉ በአገሩ የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተቀባይነት ማግኘቱን ያረጋግጡ፣ ባትሪው ሲወጣ ከሥሩ የሚታየውን መለያም ያንብቡ። 8.33 ኪሎኸርዝ የቻናል ርቀት (በሁለት ተከታታይ ቻናሎች መካከል ያለው ክፍተት) በሚሠራበት አካባቢ፣ 25 ኪሎኸርዝ ብቻ የሚያውቅ አሮጌ ሬዲዮ ቢረክስም አይጠቅምዎትም።

ሁለተኛው የጣቢያ ፈቃድ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ውል የሆነው የቺካጎ ስምምነት በአንቀጽ 30 እንደሚለው፣ ወደ ሌላ አገር የሚበር አውሮፕላን ሬዲዮ ማስተላለፊያ ሊይዝ የሚችለው የተመዘገበበት አገር ፈቃድ ከሰጠው ነው። ይሁን እንጂ ለአውሮፕላኑ የተሰጠ ፈቃድ፣ ያንኑ ሬዲዮ ይዘው ወርደው ከሜዳው ዳር ሆነው እንዲያወሩበት አይፈቅድልዎትም፤ የበረራ ክበብ አስተባባሪ ወይም ፊኛ የሚከተል የመኪና ሠራተኛ በተወሰነ ፍሪኩዌንሲ ላይ የምድር ጣቢያ ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል። ለምሳሌ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአገር ውስጥ ብቻ የሚበር አነስተኛ የግል አውሮፕላን የተናጠል የሬዲዮ ፈቃድ ባያስፈልገውም፣ ከምድር ሆኖ ማውራት ግን አሁንም ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ማመልከቻ ሲሞሉ «የት ሆኜ ነው የምናገረው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይኑርዎት፤ ከሬዲዮው ዋጋ ይልቅ ይህ መልስ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ሦስተኛው የሰውየው ምስክር ወረቀት ነው። ፈተናው የፊደል አጠራርን፣ የተመደቡ ሐረጎችንና የአደጋ ጥሪ አሰጣጥን ይመለከታል። አብራሪ ካልሆኑ ራስዎን ነጻ አድርገው አይቁጠሩ፤ ለምድር ጣቢያ ተናጋሪም የሚጠይቁ አገሮች አሉ። ማዳመጥን በተመለከተም ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ በአንዳንድ ቦታ የሚፈቀደው በብሪታንያ ክልክል ነው።

ፈቃዱ ሲደርስዎት ሬዲዮውን የሚሞክሩት በተፈቀደልዎት ፍሪኩዌንሲ፣ ከ10 ሴኮንድ ባልበለጠ ጊዜ ነው። በ121.5 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በአደጋ ጊዜ መስመር ላይ፣ አይሞክሩ። በእውነተኛ አደጋ ውስጥ ያለ ሰው ግን በእጁ ባለው በማንኛውም መንገድ እርዳታ ለመጥራት የዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ አይከለክለውም። አንዳንድ ሬዲዮዎች በቀጥታ ወደ 121.5 የሚወስድ ቁልፍ ስላላቸው፣ ቦርሳ ውስጥ ከመክተትዎ በፊት ሬዲዮውን ያጥፉ፤ ካላጠፉም ቁልፎቹን ይቆልፉ፣ የመናገሪያ ቁልፉ ግን በዚህ መቆለፊያ ላይሸፈን ስለሚችል በጎን በኩል ምንም ነገር እንዳይጫነው አድርገው ያስቀምጡት።