የፈረንሳይን የቤተሰብ ሻቶ ከድንጋዩ ማንበብ

አንድ ቤተሰብ ለብዙ ትውልድ የኖረበትን የፈረንሳይ ሻቶ (የመኳንንት ግንብ) ታሪክ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አስጎብኚውን ከመከተሉ በፊት ውጭ ቆሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ሕንፃውን ቢመለከት ይሻለዋል። መፈለግ ያለበትም የሚያምረውን ሳይሆን የማይገጥመውን ነው፤ ምክንያቱም የቤተሰቡ ገንዘብ የሞላበትና የነጠፈበት ጊዜ የሚታወቀው አሮጌውና አዲሱ ግንባታ በተጋጠሙበት ቦታ ነው።

ለዚህ ልምምድ ከአንዤ ከተማ በስተ ደቡብ ካለው ከብሪሳክ የተሻለ አላውቅም። ሬኔ ደ ኮሴ በ1502 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የገዛው ይህ ሻቶ ዛሬም የዚያው ቤተሰብ ነው። ፊት ለፊቱ ሲቆሙ ሁለት ግዙፍ ክብ ማማዎች ይታያሉ፤ በመካከላቸውም በዓምድና በቅርጻ ቅርጽ ያጌጠ ረጅም ሕንፃ ተሰንቅሮ ይገኛል። ማማዎቹ የ15ኛው መቶ ዘመን ሥራ ሲሆኑ፣ ያሠራቸው የንጉሥ ሻርል 7ኛ ሹም የነበረው ፒየር ደ ብሬዜ ነው። በ1594 የፓሪስን በሮች ለንጉሥ አንሪ 4ኛ የከፈተው ሻርል ደ ኮሴ ግን በሃይማኖት ጦርነቶች የተጎዳውን ግንብ አፍርሶ በምትኩ ፍጹም አዲስ ሊያቆም አሰበና ሥራውን ለሕንፃ ነዳፊው ዣክ ኮርቢኖ ሰጠ። ሻርል በ1621 ሲሞት ግንባታው ቆመ፤ ሊፈርሱ የነበሩት ማማዎችም በዚያው ቀሩ። ሰባት ፎቅና 204 ክፍሎች ያሉት ሻቶ የተገኘው እንግዲህ ግማሹ ሳይፈርስ፣ ግማሹም ሳያልቅ ነው።

ከሩቅ ካዩ በኋላ ይጠጉ። በማማ አናት ዙሪያ ወደ ውጭ ወጣ ያለ፣ ከሥሩ ክፍተት ያለው የድንጋይ ቀበቶ ካለ፣ ግድግዳው ሥር በደረሰ ጠላት ላይ ድንጋይ ለመልቀቅ የታሰበ ነውና ዘመኑ የጦርነት ነው። በወፍራም የማማ ግድግዳ ላይ ሰፊ መስኮት ካዩ ደግሞ፣ ከኋላ ዘመን ተፈልፍሎ የተከፈተ መሆኑን ይጠርጥሩ። ድንጋዩንም በእጅ መዳሰስ አይከፋም፤ የሎዋር ወንዝ አካባቢ ነጭ ድንጋይ፣ ቱፎ የሚባለው፣ ሲቆረጥ ለስላሳ በመሆኑ ጠራቢው እንደ ልቡ ያስጌጠዋል፣ ነገር ግን ዝናብ ቶሎ ይበላዋል። ስለዚህ ጠርዛቸው በተበላና በዶለዶመ ድንጋዮች መካከል ጠርዙ እንደ ቢላ የሰላ ነጭ ድንጋይ ከታየ፣ በጥገና የገባ ነው። ጥገናን ከመጀመሪያው ሥራ አለመለየት የጎብኚዎች ሁሉ ስህተት ነው፤ በተለይ የ19ኛው መቶ ዘመን ጠጋኞች መካከለኛውን ዘመን ከራሱ ከዘመኑ በላይ ማስመሰል ይወዱ ነበር።

ሁሉም ሻቶ እንዲህ የተጠጋገነ አይደለም። የኡሮ ቤተሰብ የሆነው ሸቨርኒ በ17ኛው መቶ ዘመን በአንድ ትውልድ ስለተሠራ ግራና ቀኙ ይመሳሰላል፤ ለዓይን ያርፋል እንጂ ብዙ አያናግርም።

የድንጋዩን ግምት በወረቀት ማረጋገጥ ይገባል። በየዴፓርትማው (የፈረንሳይ የአስተዳደር ክፍል) ቤተ መዛግብት በ«ኢ» ፊደል የተመደበው ክፍል የቤተሰብ ሰነዶችን፣ «ኪው» የተባለው ደግሞ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን የተወረሱና የተሸጡ ንብረቶችን ይይዛል። ብሪሳክን የመሰለ ቤት ታሪኩ ይህን ሁለተኛውን ሳያዩ አይገባም፤ የዘመኑ የብሪሳክ መስፍን በመስከረም 1792 ቬርሳይ ላይ ተገድሏል፣ ሻቶውም ተዘርፏል፣ ጥገናው የተጀመረው በ1844 ነው። በናፖሊዮን ዘመን የተነሣው የመሬት ካርታ ደግሞ ዛሬ የሌሉ በረቶችንና ክንፎችን ያሳያል።

የገንዘቡን ምንጭ የሚከታተል ሰው ጋብቻዎችን መዝለል የለበትም። ብሪሳክ ውስጥ ያለውን ትንሽ የኦፔራ ቲያትር ያሠራችው ለቤተሰቡ የተዳረችው ዣን ሴ ናት፤ አባቷ በስኳር የበለጸገ ነጋዴ ነበር።